ጭስ የሚበሉ የቤት መሣሪያዎች፤ ምን ይሠራሉ፣ ምንስ አይሠሩም?

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ በዚህ መድረክ ላይ እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ፣ ቢያንስ ስለ አንድ ትልቅ ሕንፃ የአየር ማስተላለፊያ እንደምናገር የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ ግን ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ከሳሎን ጠረጴዛ የሚያልፍ አይደለም። ይኸውም የሲጋራን ጭስ ከቤት ውስጥ ለማስወገድ ወይም ለመቀነስ ተብለው የተሠሩት ትናንሽ መሣሪያዎች ጉዳይ ነው። ጭስ የሚስበው መተርኮሻ፣ አየር የሚያጣራው ሣጥን፣ አዮን የሚረጨው ዘንግ፣ መዓዛ የሚሰጠው መብራት፣ እነዚህና እነዚህን የመሳሰሉት ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ እየተፈራረቁ ወደ ሰው ቤት ገብተዋል።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በሁለት ምክንያት ለመሐንዲስ የሚገባ ርእስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንደኛው ምክንያት፣ የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ሙያችን ምን ሊሠራ እንደሚችልና አቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ በግልጥ የሚያሳይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የግሌ ስለ ሆነ በንግግሬ ፍጻሜ ላይ እመለስበታለሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ካላመለከትሁ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጭሱ ምንድን ነው?

ስለ መሣሪያው ከመናገር አስቀድሞ መሣሪያው የሚታገለውን ነገር ማወቅ ይገባል። ከአንድ ሲጋራ ሁለት ዓይነት ጭስ ይወጣል። አንደኛው አጫሹ ስቦ መልሶ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው ሲጋራው በጣት መካከል ወይም በመተርኮሻ ላይ ሆኖ በራሱ ሲነድ ከጫፉ የሚወጣው ነው። በክፍል ውስጥ ከሚጠራቀመው ጭስ ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ይህ ሁለተኛው ነው። አጫሹ በሚስብበት ጊዜ የፍሙ ሙቀት ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሲሆን፣ በሚያሳርፍበት ጊዜ ግን ወደ 600 ገደማ ይወርዳል። ትንባሆው በዚያን ጊዜ በሚገባ ሳይቃጠል ስለሚጨስ፣ ከጫፉ የሚወጣው ጭስ በብዙ መርዛማ ቅመሞች ረገድ ከተሳበው የከፋ ነው።

የጭሱ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ነው። አብዛኛው ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በታች ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ፣ ከሁለት መቶ የማያንሱ የጭስ ብናኞች ጎን ለጎን ቢደረደሩ በአንድ ጠጉር ውፍረት ውስጥ ይገባሉ። የቤት አቧራ ጥቂት ቆይቶ ወለል ላይ ሲያርፍ፣ እንዲህ ያለው ብናኝ ግን ለብዙ ሰዓት ይንሳፈፋል፤ አየር በሄደበት ይሄዳል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ በኮሪደር ይጓዛል።

ከዚህም ሌላ ጭሱ ብናኝ ብቻ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ፎርማልዴሃይድ፣ ቤንዜንና ሌሎችም በጋዝ መልክ አብረው ይወጣሉ። በትንባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች እንዳሉ፣ ከእነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር የሚያመጡ መሆናቸው ታውቋል። ስለዚህ ጭስ አስወግዳለሁ የሚል ማንኛውም መሣሪያ ሁለት ፈተና ይጠብቀዋል፤ ብናኙን መያዝና ጋዙን መያዝ። እስቲ መሣሪያዎቹን በእነዚህ ሁለት ፈተናዎች እንመዝናቸው።

አፍንጫን ማታለል

ቀዳሚዎቹ መሣሪያዎች ሁለቱንም ፈተና አልሞከሩም፤ ሥራቸው ከአፍንጫ ጋር ነበር። በ1898 ሞሪስ በርዤ የሚባል የመድኃኒት ቤት ረዳት በፓሪስ አንድ መብራት ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣ። በመብራቱ አፍ ላይ የተገጠመው ቀዳዳማ ድንጋይ አንድ ጊዜ ከጋለ በኋላ አልኮሉን ያለ ነበልባል ቀስ እያለ ያቃጥለዋል፤ በአልኮሉ ውስጥ ያለው ሽቶም በክፍሉ ይሠራጫል። መብራቱ በመጀመሪያ የታሰበው ለሆስፒታል ሲሆን፣ በኋላ ግን ሲጋራ በሚጨስባቸው የሀብታሞች ሳሎኖች ውስጥ ጌጥ ለመሆን በቃ። በጀርመን አገርም በጉጉትና በውሻ ቅርጽ የተሠሩ የሸክላ መብራቶች ነበሩ። በውስጣቸው ያለው ትንሽ አምፑል ሽቶውን እያሞቀ ያተናል፤ የጉጉቱም ዓይኖች በጨለማ ያበራሉ። ጀርመኖች ለዚህ ዕቃ ያወጡለት ስም በእኛ ቋንቋ «ጭስ በል» እንደማለት ነው። ዳሩ ግን ጉጉቱ አንዲትም የጭስ ብናኝ አልበላም።

በዚህ ግን በጀርመኖች ልንስቅ አይገባንም። በየቤታችን አጫሽ እንግዳ ተነሥቶ ሲሄድ በፍሙ ላይ ዕጣን ጨመር የማድረግ ልማድ አለን። የዕጣኑ መዓዛ የሲጋራውን ሽታ ይሸፍነዋል። ነገር ግን ዕጣኑ ራሱ ጭስ ነውና በክፍሉ ያለውን ብናኝ ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም። አፍንጫ ሲረካ ሳንባ የተረፈ ይመስለናል፤ ሁለቱ ግን ዝምድና የላቸውም።

ጭስ የሚስበው መተርኮሻ

እውነተኛ የመሐንዲስ ሥራ የሚታይበት የመጀመሪያው የጠረጴዛ መሣሪያ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሜሪካ በብዛት የተሸጠው ጭስ አልባ መተርኮሻ ነው። ሮንኮ የተባለው ኩባንያ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ካስተዋወቃቸው የቤት ዕቃዎች አንዱ ይኸው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በባትሪ የሚሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ ከተቀመጠው ሲጋራ የሚነሣውን ጭስ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጭሱ ከሰል በያዘ ስስ ማጣሪያ ውስጥ አልፎ እንደገና ወደ ክፍሉ ይወጣል። ተመልካቹ የሚያየው፣ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ሰማያዊ ጭስ ታጥፎ ወደ ዕቃው ሲገባ ነው። ለቴሌቪዥን ከዚህ የተሻለ ትርኢት አይገኝም።

የዚህ መሣሪያ ሐሳብ ከምንጩ መያዝ ስለሆነ በመሠረቱ ትክክል ነው። ጉድለቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ አየር የሚስብ ቀዳዳ ኃይሉ በአጭር ርቀት የተወሰነ ነው። ከቀዳዳው ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ መተርኮሻው በላዩ የተቀመጠውን ሲጋራ ጭስ ቢስብም፣ ሲጋራው በእጅ ከተያዘ ግን በከንቱ ይሽከረከራል። ሁለተኛ፣ አጫሹ ከአፉ የሚያወጣውን ጭስ ጨርሶ አያገኘውም። ሦስተኛ፣ ደካማ ማራገቢያ ወፍራም ማጣሪያን ሊገፋ አይችልም፤ ስስ ማጣሪያ ደግሞ እንዲህ ያለውን ደቃቅ ብናኝ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የተሳበው ጭስ አብዛኛው በአየር ተበርዞ፣ ዓይን ሊያየው በማይችልበት ሁኔታ ተመልሶ ይወጣል።

የኤሌክትሪኩ ዘዴ

ከዚህ የበለጠ ጥበብ ያለበት ዘዴ የመጣው ከፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነው። ፍሬደሪክ ኮትሬል የተባለው አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1908 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ፣ ብናኙ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦ አጠገብ ሲያልፍ ቻርጅ የምንለውን የኤሌክትሪክ ሙል እንዲይዝ ይደረጋል። ከዚያም ተቃራኒ ሙል ያለው የብረት ዝርግ ይስበዋል። በ1930ዎቹ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጌይሎርድ ፔኒ ይህን ዘዴ አነስ ባለ ቮልቴጅ በሁለት ደረጃ እንዲሠራ አድርጎ ለሕንፃ አገልግሎት አበቃው። በኋላም በአሜሪካና በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ጣሪያ ላይ የተሰቀሉት ጭስ ማጥሪያዎች ከዚሁ ዘር የተገኙ ናቸው።

መሣሪያው ንጹሕ በሆነበት ቀን ብናኝን በሚገባ ይይዛል። ይሁን እንጂ የትንባሆ ጭስ የሚያጣብቅ ቅጥራን ስላለው ዝርጎቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቡናማ ይሆናሉ፤ ቶሎ ቶሎ ካልታጠቡም ኃይላቸው ይደክማል። በጋዙ ላይ ደግሞ ምንም ሥልጣን የላቸውም።

ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደው የቤት አዮን ማመንጫ ከዚህም ያነሰ ነው። ይህ ዕቃ ለብናኙ ሙል ይሰጠዋል፤ መያዣ ዝርግ ግን ወይ የለውም ወይም እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብናኙ በግድግዳው፣ በመጋረጃውና በሶፋው ላይ ይለጠፋል። አንዳንድ ሰዎች በመሣሪያው አጠገብ ያለው ግድግዳ ሲጠቁር አይተው «ምን ያህል ጭስ እንደያዘ ተመልከቱ» ይላሉ። እውነቱ ግን የያዘው ግድግዳው ነው። በ2009 የትንባሆ ቅሪት በዕቃ ላይ ተለጥፎ የሚቀረው ሦስተኛ እጅ ጭስ የሚል ስያሜ ሲሰጠው፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በግድግዳና በጨርቅ ላይ ያረፈው ኒኮቲን በቤት አየር ውስጥ ካለ ናይትረስ አሲድ ጋር ተዋሕዶ ካንሰር አምጪ ቅመሞችን እንደሚፈጥር ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ምንጣፍ ላይ የሚድኸው ሕፃን ከአየሩ የተነሣለትን በእጁ እየጠረገ ወደ አፉ ይወስደዋል ማለት ነው።

የእነዚህ መሣሪያዎች ሌላው ችግር ኦዞን ነው። ኦዞን ለሽታ ጠላት ነው እየተባለ ሆን ተብሎ የሚያመነጭ ዕቃም ተሽጧል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እንዳስረዳው ግን፣ ኦዞን ለሰው በማይጎዳ መጠን ሲሆን የክፍልን አየር አያጸዳም፤ በሚያጸዳ መጠን ሲሆን ደግሞ ሳንባን ይጎዳል። ካሊፎርኒያ ይህንኑ በመረዳት የቤት አየር ማጣሪያዎች የሚያወጡት ኦዞን ከአንድ ሚሊዮን እጅ 0.05 እንዳይበልጥ ወስናለች። በ2003 ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት በጣም ይሸጥ የነበረውን አዮኒክ ብሪዝ የተባለ መሣሪያ መርምሮ ደካማነቱን ሲያትም፣ ሻጩ ሻርፐር ኢሜጅ መጽሔቱን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2004 ክሱን ውድቅ አደረገው።

ማጣሪያውና ሒሳቡ

ከሁሉ የተሻለው የቤት መሣሪያ ማራገቢያና ጥሩ ማጣሪያ ያለው ሣጥን ነው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ በ1940ዎቹ በአሜሪካ የአቶሚክ ፕሮግራም ውስጥ ጨረራማ ብናኝን ለመያዝ ከተደረገው ሥራ የተገኘ ሲሆን፣ 0.3 ማይክሮን ከሆኑት ብናኞች 99.97 በመቶውን ይይዛል። መጠኑ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። ከዚህ የሚተልቀው ብናኝ በክብደቱ ከማጣሪያው ክር ጋር ይጋጫል፤ ከዚህ የሚያንሰው ደግሞ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ክሩን ይነካል፤ በመካከል ያለው ለመያዝ እጅግ አስቸጋሪው ነው። የሲጋራ ጭስም በዚሁ አስቸጋሪ መጠን አካባቢ ይገኛል።

ለጋዙ የሚያገለግለው አክቲቭ ካርቦን የተባለው ከሰል ነው። ይህ ከሰል በልዩ ሙቀት ሥራ ስለሚቦረቦር የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ ከ500 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ብዙ ጋዞችም በዚህ ገጽ ላይ ይጣበቃሉ። ነገር ግን ቦታው ሲሞላ ሥራው ያበቃል፤ በቤት መሣሪያ ውስጥ ያለው ከሰል ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ከቶ አይዝም።

የአሜሪካ የቤት መሣሪያዎች አምራቾች ማኅበር ያወጣው መለኪያ አንድ ማጣሪያ በሰዓት ወይም በደቂቃ ምን ያህል ንጹሕ አየር እንደሚያቀርብ ያሳያል፤ ከመፈተኛዎቹም አንዱ የሲጋራ ጭስ ነው። መለኪያው ጥሩ ነው፤ የሚለካው ግን ብናኙን ብቻ እንጂ ጋዙን አይደለም።

አሁን የሁላችንም ቋንቋ ወደ ሆነው ሒሳብ እንግባ። ርዝመቱና ስፋቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ሳሎን 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንድ ሲጋራ 12 ሚሊግራም ያህል ደቃቅ ብናኝ ይለቅቃል እንበል። ይህ በሳሎኑ ሲሠራጭ በአንድ ሜትር ኩብ 300 ማይክሮግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የ24 ሰዓት አማካይ ወሰን 15 ማይክሮግራም ነው። አንድ ሲጋራ ሳሎኑን የወሰኑ ሃያ እጥፍ አደረገው ማለት ነው።

በዚህ ሳሎን በሰዓት ሁለት ሲጋራ ቢጨስ፣ አየሩም በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ቢለወጥ፣ ብናኙ እየተጠራቀመ ወደ 600 ማይክሮግራም ይጠጋል። በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር የሚሰጥ ጥሩ ማጣሪያ ብንጨምር ወደ 100 ይወርዳል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ መካድ አይገባም። ግን ገና የወሰኑ ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ወደ 15 ለማውረድ ቢያስፈልግ በሰዓት 1,600 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር እንሻለን። የክፍሉ አየር በሰዓት አርባ ጊዜ፣ ማለትም በየዘጠና ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ይለወጥ እንደ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ማንበብም ሆነ በጸጥታ መጨዋወት አይቻልም። ይህን ሁሉ አድርገንም ገና ስለ ጋዙ አላነሣንም።

የሙያ ባልደረቦቻችን ምን አሉ?

ይህ ሒሳብ የእኔ ግኝት አይደለም። በ1980 ጄምስ ሪፔስና አልፍሬድ ላውሪ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በሳይንስ መጽሔት ላይ የዚህን ዓይነት ስሌትና ልኬት አትመው ነበር። በ1981 ታኬሺ ሂራያማ የተባሉት የጃፓን ሊቅ 91,540 የማያጨሱ ሚስቶችን ለዓመታት ተከታትለው፣ ባሎቻቸው የሚያጨሱት ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳወቁ። በ1986 የአሜሪካ የጤና አገልግሎት ዋና ኃላፊ ኤቨሬት ኩፕ ባወጡት ሪፖርት፣ አጫሽንና የማያጨስን ሰው በአንድ አየር ውስጥ ለያይቶ ማስቀመጥ ጉዳቱን ሊቀንስ ቢችልም እንደማያስቀረው ተገለጠ። በ2006 የወጣው ሪፖርት ደግሞ አየር ማጣራትም ሆነ ማስተላለፍ ጉዳቱን እንደማያጠፋ ደመደመ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን እንደ እኛ ያለ የሙያ ማኅበር ያደረገው ነገር ነው። አሽሬ የሚባለው የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር በ1989 ባወጣው ደረጃ ውስጥ ለማጨሻ ክፍል በነፍስ ወከፍ በሴኮንድ 30 ሊትር አየር እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። ያን ጊዜ የትንባሆ ኩባንያዎች ማጨስን ከመከልከል ይልቅ አየር ማስተላለፍ መፍትሔ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበርና፣ ለአየር ማስተላለፊያ መሐንዲስ ገበያው የሰፋ ነበር። ይሁንና ማኅበሩ በ2005 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ ከቤት ውስጥ የትንባሆ ጭስ የሚመጣውን የጤና አደጋ በእርግጥ ለማስወገድ የሚቻለው ማጨስን በመከልከል ብቻ መሆኑን አስታወቀ። የአየር መሐንዲሶች ማኅበር ወጥቶ «ይህን በአየር ማስተላለፊያ ልንፈታው አንችልም» ሲል፣ ገበያውን ትቶ ሙያውን መረጠ ማለት ነው። ይህን የመሰለ የሙያ ክብር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የሠራው ሕግ ነው። አየርላንድ በመጋቢት 2004፣ እንግሊዝ በሐምሌ 2007 በሥራ ቦታዎችና በመጠጥ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሲከለክሉ፣ በጣሪያ ላይ የተሰቀሉት ጭስ ማጥሪያዎች ሥራ ፈቱ። የተሻለ መሣሪያ አልነበረም ያሸነፋቸው፤ ጭሱ ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

ሕጉ ግን በሰው ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማል። ከደጃፉ ወዲያ ያለው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። መሣሪያዎቹም እስከ ዛሬ ገበያ ያላቸው ከደጃፉ ወዲያ ነው።

የራሴ ነገር

እንግዲህ ሁለተኛውን ምክንያት ልናገር። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይኖራሉ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያጨሳሉ። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ በለመዱት ወንበር ተቀምጠው ዜና እየሰሙ ሁለት ሦስት ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ሴት ልጃችን ከተወለደች በኋላ ደረቷ እየታፈነ ሌሊት ማሳል አመጣች፤ ሐኪሙም በቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው እንዳለ ጠየቀን።

እኔ ለአባቴ «አባባ፣ እባክዎ ከቤት ውጭ ያጭሱ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ የልጅነቴንም ቤት ሸጠው ወደ እኔ የመጡት በእኔ ልመና ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ መሐንዲስ የሚያደርገውን አደረግሁ። ከአሮጌ ኮምፒዩተር የ12 ቮልት ማራገቢያ ነቅዬ፣ ከቆርቆሮ ሣጥን ሠርቼ፣ በሁለት ወንፊት መካከል የተደቆሰ ከሰል አድርጌ መተርኮሻ ሠራሁላቸው። ከሰሉ ከምድጃ የተወሰደ ነበር፤ እንዲህ ያለው ከሰል እንደ አክቲቭ ካርቦን ያልተቦረቦረ መሆኑን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። አባቴ በጣም ደስ አላቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ የሠራልኝ ነው» እያሉ ጭሱ ሲታጠፍ ያሳዩ ነበር። ባለቤቴ ግን አንድም ቀን ስለ መተርኮሻው ምንም አላለችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ በሥራ ቦታዬ ለአንድ የፋብሪካ አዳራሽ የምንጠቀምበትን የብናኝ መለኪያ አስፈቅጄ ወደ ቤት ወሰድሁት። አንድ ምሽት ከአባቴ ወንበር ኋላ አስቀመጥሁት። ቁጥሩ መተርኮሻው እንደሌለ ሆኖ ወጣ። ቀጥዬ ወደ ልጄ መኝታ ክፍል ወሰድሁት። በሩ ዝግ ነበር፤ በኮሪደሩ ማዶ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እዚያም ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ።

አሁን የምናገረው ለሙያ ባልደረቦቼ ስለሆነ እውነቱን አልደብቅም። ያን ቁጥር ይዤ ሁለት ወር ዝም አልሁ። በእነዚያ ሁለት ወራት ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም፤ ማራገቢያውን በሚበልጥ ቀየርሁ፣ ማጣሪያውን አወፈርሁ፣ እንደገና ለካሁ። ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። የምሠራው ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ላለመናገር ነበር።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መለኪያውን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነገርኋቸው። አባቴ መለኪያውን አንሥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም «ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ሁለት ወር ሆነኝ፣ አባባ» አልኋቸው። ስለ ማጨሳቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። «ሁለት ወር!» ብለው ብቻ ወንበራቸውን አንሥተው በጓሮ በር ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ አጭሰው አያውቁም። እኔ ሊያስቀይማቸው ይችላል ብዬ የፈራሁት ውጡ መባሉን ነበር፤ እርሳቸውን ያስቀየማቸው ግን ለልጅ ልጃቸው የሚጎዳውን ነገር ሰው እያወቀ ሳይነግራቸው መቅረቱ ነው።

ልጄ ፈጽማ ድናለች ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ የደረቷ ሕመም ሌላም ምክንያት አለውና አሁንም ሐኪም ይከታተላታል። ሌሊት የምትነቃበት ጊዜ ግን አንሷል።

ለሥራችን የሚሆን

ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የሚተርፈውን ባጭሩ ላጠቃልል። ደንበኛ ወይም ዘመድ ጭስ ስለሚያስወግድ መሣሪያ ሲጠይቀን፣ በመጀመሪያ ልንል የሚገባን ጭሱ ከቤት ውጭ ይሁን ነው። ይህ የሥነ ምግባር ስብከት አይደለም፤ ከሒሳቡ የሚወጣ ውጤት ነው። የእንጀራ መጋገሪያ ጭስን በተመለከተ በአገራችን የተደረገውን እናስታውስ። ምርጥ ምጣድ የተባለው ምድጃ የተሠራው እናቶች በጭሱ ውስጥ ተቀምጠው ማጣሪያ እንዲገዙ አልነበረም፤ እንጨቱ ከጅምሩ እንዲያንስ ነው። ከምንጩ መቀነስ ሁልጊዜ በኋላ ከማጥራት ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ይህ በማይቻልበት ቤት ማጣሪያ ከመግዛት ዝምታ አይሻልምና፣ የሚገዛው ሄፓ ማጣሪያ ያለው፣ የሚሰጠው ንጹሕ አየር ከክፍሉ ስፋት ጋር የተመዛዘነ ይሁን፤ ማጣሪያውም በጊዜው ይለወጥ። ኦዞን የሚያወጣ ዕቃ ከቶ አይግባ። መተርኮሻው፣ አዮኑና ሽቶው በጌጥነት ይታዩ።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። መሣሪያችን ምን እንደማይሠራ ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነን። ያወቅነውን በጊዜው መናገር የሥራችን አንዱ ክፍል ነው፤ የሚሰማን ሰው ደንበኛም ሆነ አባት። አሽሬ በ2005 ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔ ሁለት ወር ዘግይቻለሁ።

ያ የቆርቆሮ መተርኮሻ አሁን የጥፍርና የብሎን ማስቀመጫ ሆኖ በመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ይገኛል። ክረምቱ ሲገባ አባቴ በዝናብ እንዳይመቱ በጓሮው ጥግ፣ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ራቅ አድርጌ፣ አራት ቋሚ እንጨት ተክዬ በላዩ ቆርቆሮ አለበስሁት፤ ከሥሩም አግዳሚ ወንበር አደረግሁበት። ነፋሱ በአብዛኛው ከየት እንደሚነፍስ ለሁለት ሳምንት ካየሁ በኋላ ነው ቦታውን የመረጥሁት። ማራገቢያ የለውም፣ ማጣሪያ የለውም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በሲጋራ ጭስ ላይ ከሠራኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ በትክክል የሠራው እርሱ ብቻ ነው።